ያላየነውን ስንጽፍ

የወረስነው መሬት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ሽማግሌ ይጠራል፣ ምስክር ይቆጠራል፣ ወሰን ይተከላል፤ የአንቺ ከዚህ መለስ፣ የእሱ ከዚያ ወዲያ ተብሎ ይለያያል። የተወረሰው ትዝታ ሲሆን ግን ሽማግሌም አይለየው። ሟቹ አንድ፣ ወራሹ ብዙ፤ ንብረቱም በእጅ የማይዳሰስ። አንዱ ወራሽ ያጌጥበታል፣ አንዱ ይደብቀዋል፣ አንዱ ደግሞ መውረሱን እንኳ ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል።

በዚህች መጽሔታችን ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ካፌያችን ወጥ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ከእልቂት የተረፈ ሰው ያየውን ይጽፋል፤ ይህ ግልጽ ነው። ልጁስ? የልጅ ልጁስ? ያላየውን፣ ያልሰማውን ተኩስ፣ ያልሸተተውን ጭስ በምን ሥልጣን ይጽፋል? ይህ ለእኔ የክፍል ውስጥ ጥያቄ አይደለም። የቤቴ ጥያቄ ነው፤ ቤታችንን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንመላለስበት የስድስት ኪሎ ግቢ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ዓርብ ቀን፣ የፋሺስት ጣልያን እንደራሴ ግራዚያኒ የኔፕልሱን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ በዚያ ግቢ ለድሆች ምጽዋት እንደሚሰጥ አስለፈፈ። በሺህ የሚቆጠር ድሀ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በጥቅሉ እናውቀዋለን። በግቢው የነበረው ሕዝብ ላይ መትረየስ ተከፈተ። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ላይ ጥቁር ሸሚዞች ተለቀቁ፤ በዱላ፣ በአካፋ፣ በጩቤ፣ በጥይት ገደሉ። ጎጆው ላይ ቤንዚን እያርከፈከፉ ሰው ከነነፍሱ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አቀረበ፤ የታሪክ ተመራማሪው ኢያን ካምቤል እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 19,000 ይገምተዋል። በየትኛውም ቁጥር ብንሄድ የዚያን ጊዜዋን ትንሽ ከተማ ስናስብ ያላለቀሰ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ግን ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነበርና፣ አልቅሶ የወጣለት ቤትም አልነበረም።

ይህ «ዘር ማጥፋት» ይባል ወይስ «ጭፍጨፋ»? ክርክሩን ለሕግ ተማሪ ጓደኞቼ እተዋለሁ። ቃሉን ራፋኤል ለምኪን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1944 ነው፤ የመንግሥታቱ ድርጅት ስምምነት የጸደቀው ታኅሣሥ 9 ቀን 1948፤ ስምምነቱን ከዓለም ሁሉ ቀድማ ሐምሌ 1 ቀን 1949 ያጸደቀችው ደግሞ ኢትዮጵያ ናት። ያቺ ቀዳሚ ፊርማ ከየት እንደመጣች ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሆነ ሆኖ ፋሺስት በኢትዮጵያ ላይ ስለ ፈጸመው ግፍ አንድም ሰው በዓለም አቀፍ ችሎት አልተጠየቀም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 19 ዓመት ሲፈረድበት እንኳ የተከሰሰው ከጀርመኖች ጋር በመተባበር ነበር፤ ለዚያውም በጥቂት ወራት ተፈታ። ፍርድ ቤት ያልመዘገበውን ማን ይመዝግበው? ቤተሰብ ነዋ! ቤተሰብ ደግሞ እንዴት ያለ መዝገብ ቤት እንደሆነ አሁን ላጫውታችሁ።

*

አያቴ፣ እማማ የምንላት፣ የካቲት 12 ቀን በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች። የተወለደችው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው፤ ዘንድሮ ዘጠናን ልትደፍን ጥቂት ቀርቷታል። አባቷን አላየችውም። ስለዚህ እሷም እንደኔው ወራሽ ናት። ያየችው እናቷ ናት፤ እኔ ያልደረስኩባት ቅድመ አያቴ።

እማማ ታሪኩን ስትናገር አንድ ነገር ደጋግሞ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እንዲህ ነው የምትለው፦ «ጠዋት ወጣ፣ አለች። ነጠላውን ትቶ ኩታ ደርቦ ነበር፣ አለች። ከቀትር በፊት ተኩሱ ተሰማ፣ አለች። በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ አለች።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ «አለች» ትቀመጣለች፤ እንደ ዘበኛ። እማማ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስለ ሥነ ጽሑፍ ያስተማራት የለም። ግን የራሷን ዕይታ ከእናቷ ዕይታ አንድ ቀን ቀላቅላ አታውቅም።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነ ልብ በሉልኝ። «ሞተ» እና «ሞቷል» አንድ አይደሉም። «ሞቶ ኖሯል» ሲባል ደግሞ ተናጋሪው ዘግይቶ መድረሱ ታወቀበት። «ሞተ አሉ» ካልን ጭራሹን አልነበርንም፤ ከሌላ ሰምተን ነው። አንዲት ትንሽ «አሉ» የሰማነውን ካየነው ትለያለች። ከእልቂት በኋላ የተወለደ ሰው ሊጽፍ ሲነሣ ብቸኛ ሐቀኛ ሰዋስው ይኸው ይመስለኛል፤ የ«አሉ» ሰዋስው። «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈልን ተመስገን ገብሬ በግለ ታሪኩ ስለ የካቲት 12 ሲተርክ ያየውን ነው የጻፈው፤ እዚያው ነበረና። እኔ የእሱን ግሥ ብዋስ ሌብነት ነው።

ማሪያን ኸርሽ የተባለች ምሁር፣ ራሷ ከአይሁድ እልቂት የተረፉ ወላጆች ልጅ፣ ለዚህ ነገር ስም አውጥታለታለች፤ እኛ «ድኅረ ትዝታ» ልንለው እንችላለን። ሐሳቧ ባጭሩ፦ በኋላ የመጣው ትውልድ ያልኖረበትን መከራ በወሬ፣ በፎቶግራፍና በቤት ውስጥ ባደገበት ጠባይ ይቀበለዋል፤ ከጥልቀቱ የተነሣም የራሱ ትዝታ ይመስለዋል። «ይመስለዋል» የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ዋናው ነገር እዚያ ላይ ነው።

*

አሁን በቤት ውስጥ ስላለው ጠባይ።

እኛ ቤት በዓመት አንድ ቀን እሳት አይነድም። የካቲት 12። ቡና የለም፣ ወጥ የለም፣ ሻይ እንኳ የለም። ከዋዜማው የተቆላ ቆሎና በሶ ይቀርባል። ልጅ ሆኜ ለሚካኤል የተሳለችው ስእለት ይመስለኝ ነበር፤ ቀኑ ወሩን በገባ በ12 ነውና። ጎረቤትም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። ሌላም አለ። እማማ አንድ በር ብቻ ባለው ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስዳትም። በድሮው ሰፈራችን የጓሮ በር ነበራት፤ ከአልጋዋ እስከ ጓሮው በር ያለውን መንገድ ዕቃ አታስቀምጥበትም። ሰፈሩ ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰን። ኧረ ስንቱን ልንገራችሁ! መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሌሊት ተነሥታ ግድግዳውን በመዳፏ ትዳስስ ነበር። «ምን ፈለግሽ እማማ?» ስላት «ሌላውን በር» አለችኝ።

ቅድመ አያቴ ቀበና ወንዝ አጠገብ በጭቃ ጎጆ ትኖር ነበር። ያን ሌሊት በሩን ከውጭ ቀርቅረው ጣሪያው ላይ እሳት ለቀቁበት፣ አለች። ዶሮ የሚገባበት ቀዳዳ ከጓዳው ግድግዳ ሥር ነበር። ጭቃውን በእጇ እየናደች፣ ማገሩን እየሰበረች፣ እርጉዝ ሆዷን ይዛ በዚያ ወጣች። ሁለት ሌሊት ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ አደረች። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ በኖረችበት ቤት ሁሉ ሁለት በር አስከፍታለች። እሳት የማይነድበትን ቀን ያወጣችውም እሷ ናት። እማማ ወረሰች፤ እናቴ ከእማማ ወረሰች። እኔ ዶርም ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የቱን ነበር? የመውጫውን በር።

ይህ በእኛ ቤት ብቻ የሚሆን መስሎኝ ሳለ ፈትሒዬ ቼቲን የጻፈችውን አነበብኩ። ቼቲን ቱርካዊት የሕግ ሰው ናት። አያቷን እንደማንኛውም ቱርካዊ ሙስሊም አያት ነው የምታውቃት። ዩኒቨርስቲ በነበረችበት ዘመን፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አሮጊቷ ለብቻዋ ጠርታ ምስጢሯን ነገረቻት፦ ትክክለኛ ስሟ ሄራኑሽ ነው፤ አርመናዊት ናት፤ በ1915 ሕዝቧ እየተነዳ በሞት ጉዞ ላይ ሳለ አንድ ወታደር ከእናቷ እጅ ነጥቆ ወስዶ አሳደጋት። ቼቲን ይህን መጽሐፍ አድርጋ ያወጣችው አያቷ ከሞተች በኋላ፣ በ2004 ነው። መጽሐፉ ቱርክ አገር ውስጥ ብዙ አፍ አስከፈተ፤ ሌሎችም «የእኔም አያት» እያሉ ብቅ አሉ።

እኔን የያዘኝ ግን ዳቦው ነው። በዚያ ከተማ አንዳንድ አሮጊቶች በዓመት አንድ ጊዜ ቼሬክ የሚባል የተጎነጎነ ዳቦ ጋግረው በዝምታ እርስ በርስ ይጠያየቁ ነበር። ልጆቻቸው ይበላሉ፤ ለምን እንደሆነ አያውቁም። ኋላ ሲታወቅ የፋሲካ ዳቦ ኖሯል! ሃይማኖታቸው፣ ስማቸው፣ ቋንቋቸው ተወስዶ ሳለ በዓሉን በሊጥ ውስጥ ደብቀው አቆይተውታል። ያቺ ዳቦና የእኛ ቤት በሶ እኅትማማች ሆኑብኝ። ትዝታ ሁልጊዜ በአፍ አይተላለፍም። በሆድም በበርም ይተላለፋል።

የአርመኖች ነገር ደግሞ ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ ከዚያው እልቂት የተረፉ አርባ እጓለ ማውታ ልጆች አግኝተው አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት የሙዚቃ ቡድን እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያቀናበረው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈለት ዜማ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ተዘምሯል። አባት እናታቸው የተገደሉባቸው ልጆች በሰው አገር የሰው ደስታ ሲነፉ ውስጣቸው ምን ነበረ? ለልጆቻቸውስ ምን ነገሯቸው? ይህን የሚጽፍ ሰው ቢገኝ አንብቤ አልጠግብም።

*

ወደ ቤታችን ጠብ ልመለስ። ጠቡ «ቅድመ አያታችን ገነተ ልዑል ግቢ ምን ሊሠራ ሄደ?» የሚል ነው።

እማማ የምትለው «ሄደ፣ አለች» ነው። በቃ። ምክንያት አትጨምርም። አጎቴ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የሚሉት ደግሞ «ተልኮ ሄደ» ነው። ከአርበኞች ጋር ግንኙነት ነበረው፤ መልእክት ሊያደርስ ነው። አሜሪካ ዋሽንግተን ያለው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሲደርስ ታሪኩ ማዕረግ አግኝቷል፤ ቦምቡን ካቀበሉት አንዱ ሆኗል! በሦስት ትውልድ ከሄደ ወደ ተላከ፣ ከተላከ ወደ አቀበለ። በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፤ «አለች»። ጋሼ ጋ ስትደርስ ወደቀች፣ ታሪኩም ክንፍ አወጣ።

ለዚህች መጽሔት ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው ጋሼ ደስ አላቸው። «ጻፊ እንጂ! የኛ ደም በዚያ ግቢ እንደፈሰሰ ይወቁ» አሉኝ። ከዚያ ግን አፍጥጠው አዩኝና ጨመሩ፦ «ብቻ አንዳንዱ ምጽዋት ሊቀበል ነው የሄደው ይላል፤ እንዳትጽፊው። ለፋሺስት ሳንቲም የተሰለፈ አያት የለንም።»

እኔ ይህን ከማንም ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሰው ያልተባለውን አይክድም። ስለዚህ እማማን ጠየቅኋት።

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ጥጧን አነሣች፣ አስቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያለችኝን እንዳለችው አሰፍረዋለሁ፤ ሳሰፍረውም ፈቅዳልኛለች።

«ቀን ሠራተኛ ነበር፣ አለች። ከቡልጋ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ሥራ ጠፋ ያን ሰሞን። እኔ ደግሞ በሆዷ አለሁ። ለአራስ ቅቤ የለ፣ ለገንፎ እህል የለ። ሚካኤል ነው፣ ምጽዋት አለ ብለዋል፣ ለመታረሻሽ ትሆናለች ብሎ ሄደ፣ አለች። አትሂድ ብዬው ነበር፣ አለች።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ቀጠነ። «ለኔ ነው የሄደው ልጄ። ለኔ ገንፎ ነው የሞተው። ያንተ አጎት ጀግና ያድርገው፤ እኔ ዝም ያልኩት እሱ እውነት ቢሆን ብዬ ነው። መልእክት ሊያደርስ ከሄደ እኮ በኔ አልሞተም።»

«ያንተ አጎት» ያለችው ወንድሜን እየመሰልኳት ነው፤ ሲደክማት ታቀላቅለናለች። ነገሩን ግን አላቀላቀለችም።

ሰማኒያ ስምንት ዓመት! አንዲት ሴት ገና ባልተወለደችበት ቀን ለተፈጸመ ግድያ ራሷን ተጠያቂ አድርጋ ኖራለች። ገዳዩ በስሙ ሐውልት ተሠርቶለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 አፊሌ በምትባል የጣልያን ከተማ። እማማ ደግሞ በማኅፀን ሳለች የበላችው ገንፎ የለም፤ ግን ዕዳውን ትከፍላለች። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል የሰማሁት ተረት እንዲህ ተገልብጦ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጋሼንም አልፈርድባቸውም። ድሀ ሆኖ መሞት ሁለት ጊዜ መሞት የሚመስልበት አገር ላይ ነው ያደጉት። ሐውልት ለጀግና ይቆማል፤ ለምጽዋት የተሰለፈው ሺህ ሰው ግን «ሌሎችም» ተብሎ ይታለፋል። ያን ቀን ግቢው ውስጥ የተረሸነው አብዛኛው ሰው ማን ነበረ? ዓይነ ስውሩ፣ አንካሳው፣ አሮጊቷ፣ ሥራ ያጣው ቀን ሠራተኛ። ለፋሺስት አደሩ እንዳንል አንድ ቀን ተርበው አደሩ እንጂ ሌላ ምን አደረጉ? ጀግና ካላደረግናቸው በቀር ልናለቅስላቸው የማንችል ከሆነ ጉድለቱ የሟቾቹ አይደለም።

አርት ስፒገልማን በዚህ ጉዳይ ላይ ብርታት ሰጥቶኛል። የአባቱንና የእናቱን ከአውሽዊትዝ መትረፍ በሥዕል ትረካ አድርጎ በሁለት ቅጽ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991፤ አይሁዶቹን አይጥ፣ ናዚዎቹን ድመት አድርጎ ሣላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አባቱን ቅዱስ አድርጎ ይሥለው ነበር። እሱ ግን ቆንቋና፣ ነጭናጫ፣ አስቸጋሪ ሽማግሌ አድርጎ አቀረበው፤ ያው አባት ግን በዚያ ሲኦል ውስጥ ሚስቱን በብልሃት ያተረፈ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሌላም ነገር አለበት፤ እናቱ የጻፈቻቸውን ማስታወሻዎች እሷ ከሞተች በኋላ አባትየው አቃጠላቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ነፍሰ ገዳይ ብሎ ይጠራዋል። የተረፈው ሰው ራሱ ትዝታ ያቃጥላል፤ ስላመመው። ቤታችን የሚቃጠል ወረቀት አልነበረም፤ ግን ዝምታም እንደ እሳት ያቃጥላል። ልዩነቱ ጭስ የለውም።

ስፒገልማን በሁለተኛው ቅጽ ራሱን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ሬሳ ተቆልሎ ይሥላል። መጽሐፉ ተሸጧል፣ ዝናው ወጥቷል፤ በምን ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው እያለ ነው። እኛም ይህን ጥያቄ ልንሸሸው አንችልም። የቅድመ አያቴ ሞት በዚህች መጽሔት ላይ ሁለት ሰው «ጥሩ ጽሑፍ ነው» እንዲለኝ ነው የሞተው? አይደለም። ታዲያ ለምን እጽፋለሁ? መልሴ ከዚህ በታች ነው።

*

ቅድመ አያቴ ሬሳውን አላገኘችም። ወንዙ ዳር ከወጣች በኋላ ፈልጋዋለች፤ በካሚዮን እየተጫነ በጅምላ የተጣለውን ማን ለይቶ ያገኛል? ሬሳ ከሌለ መቃብር የለም። መቃብር ከሌለ ተዝካር ይቀራል፤ እሱ ይደረስ ይሆናል። ጣልያን ከወጣ በኋላ ወደ ካህን ሄደች። ካህኑ የክርስትና ስሙን ጠየቋት። እሷ አታውቀውም ነበር! የተጋቡት በሰማኒያ ነው፣ አብረው የኖሩት ዓመት ያልሞላ ጊዜ ነው፤ የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናቱና የነፍስ አባቱ፣ ሁለቱም ቡልጋ። ሰው ላከች፤ እናቱም አርፋለች ተባለ። ካህኑ «እግዜር ያውቀዋል ልጄ» ብለው ጸሎቱን አደረሱላት። እሷ ግን እስክትሞት አልተዋጠላትም፣ ትላለች እማማ። «እግዜርማ ያውቃል። እኔ ነኝ ያላወቅሁት» ትል ነበር።

ስኮላስቲክ ሙካሶንጋ ሩዋንዳዊት ናት፤ ፈረንሳይ አገር ትኖር ስለነበር በ1994 በተፈጸመው የቱትሲዎች የዘር ማጥፋት ወላጆቿና ዘመዶቿ ሲያልቁ እሷ ተረፈች። እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ እናቷ በጻፈችው መጽሐፍ የምትነግረን አለ፦ እናትየው ስሞት ሬሳዬን ሸፍኑልኝ፣ የእናት ሬሳ አይታይም እያለች ሴት ልጆቿን ታሳስብ ነበር። ስትገደል የሚሸፍናት ልጅ አጠገቧ አልነበረም፤ ሬሳዋም አልተገኘም። ስለዚህ ልጅቱ በጽሑፍ ትሸፍናታለች። ይህን ሳነብ «ለምን እጽፋለሁ» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ያገኘሁ መሰለኝ። ተዝካር ማለት በግዕዙ መታሰቢያ ማለት አይደል? ለእናቱ መገነዝ፣ ለእኛ ሟች ተዝካር። የምጽፈው ጀግና ለመፍጠር አይደለም፤ በስሙ ያልተጠራ አንድ ቀን ሠራተኛ፣ ለሚስቱ መታረሻ ሊያመጣ ወጥቶ እንደቀረ እንዲታወስ ነው። ከዚህ ያነሰም ከዚህ የበለጠም አላልኩም።

ጋሼ ይህን ሲያነቡ ይቆጡኝ ይሆናል። እማማ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቀችኝ። «ለማኝ ነበር እንዳትዪ። ሥራ አጥቶ ነው። እጁ ሠራተኛ ነበር፣ አለች።» ብያለሁ፤ ጽፌያለሁም። ከጻፍኩት በኋላ አነበብኩላት፤ ሰማችና «እንግዲህ ያንተ አጎት ይወቀው» ብላ ጋቢዋን ሳበች። የራሷን ጥፋት አለመሆኑን ነግሬአታለሁ፤ አምናኛለች ብዬ ግን አልዋሽም። ዘጠና ዓመት የተሸከሙት ነገር በአንድ የልጅ ልጅ ወሬ አይወርድም። ብቻዋን አለመሸከሟ ግን አንድ ነገር ነው።

ጓደኞቼ፣ እኔ ያገኘሁት ሕግ ቢኖር እነዚህ ናቸው፤ ለእናንተም ይጠቅሙ እንደሆነ እዩአቸው። ያያችሁትን፣ የተነገራችሁን፣ ከመጽሐፍ ያገኛችሁትንና የገመታችሁትን ለየብቻ አስቀምጡ፤ «አሉ»ን አትጣሏት። የማታውቁትን ቀዳዳ በጀግንነት አትድፈኑት፤ ቀዳዳውም የታሪኩ አካል ነው፤ ቅድመ አያቴ እኮ የወጣችው በቀዳዳ ነው። የሚያፍሩበትን ነገር ከመጻፋችሁ በፊት ያፈረውን ሰው አስፈቅዱ፤ ሙታን መልስ መስጠት ባይችሉ ሕያዋን ይችላሉ። ዝምታቸውንም ጻፉ፤ የማይነደውን እሳት፣ የማይበላውን ምግብ፣ ዕቃ የማይቀመጥበትን መተላለፊያ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ቀላል ሥራ አለ። የዕረፍት ጊዜያችን ደርሷል፤ ብዙዎቻችሁ ወደየቤታችሁ ልትሄዱ ነው። ከየካቲት 12 የተረፉት ሰዎች ሞተው አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ በማኅፀን የነበሩት እንኳ ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሌላውም ዘመን፣ የሌላውም መከራ ምስክር እንዲሁ እያለቀ ነው። አያት ያላችሁ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሌላው ሁሉ ቢቀር የሙታኖቻችሁን ስም ከነክርስትና ስማቸው ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ሃይማኖታችሁ ሌላ ከሆነ ሟቹ በቤቱ የሚጠራበትን ስም። አንድ ገጽ አይሞላም። የእኛ ቤት ግን ለዚያች አንዲት መስመር ሰማኒያ ዓመት ሙሉ ስትፈልግ ኖራለች፤ እስከ ዛሬም አላገኘቻትም።